ኖር ያላለችው ልጅ

የመምህራን ስልጠናው ላይ ሲነግሩን ቀላል ይመስል ነበር። መምህሩ ከሰሌዳው ፊት ዞር ይበል፣ ልጆቹ በቡድን ይቀመጡ፣ የሚሠሩትን ራሳቸው ይምረጡ፣ እኛ እየዞርን እናግዛቸው። ሸዋ ሮቢት እንደተመለስኩ የማስተምረውን ሁለተኛ ክፍል እንደዚያው አደረግሁት። ዴስኮቹን ፊት ለፊት አዞርኩና በየቡድኑ ለመቁጠሪያ ቆርኪና የበቆሎ ፍሬ አስቀመጥኩ።

ከዚያ መዞር ጀመርኩ፤ ጣጣውም ጀመረ። ወደ አንዱ ቡድን ጠጋ ስል ልጆቹ ብድግ ብለው «ኖር» ይላሉ። እኔም ሳላስበው «በእግዜር» እላለሁ። ቆርኪው ይበተናል፣ ቆጠራው ይጠፋል። «ስመጣ አትነሱ» አልኳቸው። እሺ ለማለት ተነሱ።

ከጎናችን ባለው ክፍል ባልደረባዬ ከሰሌዳው ያነባል፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይከተሉታል። ሥርዓቱ ያስቀናኝ ነበር። እኔ በዚያ ሙቀት ላቤን እየጠረግሁ ስንቆራጠጥ እውላለሁ። ልጆቹን እያበላሸኋቸው ቢሆንስ? ይሄ ሐሳብ ቤቴም ገብቼ አላስቀምጥ አለኝ።

ከሁሉ የምሳሳላት አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ነበረች። ድሮ አፏን የማትከፍተው ልጅ ገና መጠየቅ መጀመሯ ነው። አባቷ ግን «መምህር፣ ምን ተማርሽ ስላት ቆርኪ ትለኛለች። ወላሂ አልወደድኩትም። መጥቼ አያለሁ፤ ካላማረኝ ወደዚያኛው ክፍል ትዛወርልኝ» ብሎኛል።

አንድ ጠዋት መጣና በሩ ላይ ቆመ። ወደ ልጅቷ ቡድን ስጠጋ ጓደኞቿ ብድግ አሉ። እሷ አልተነሳችም። ቆርኪውን ለአራት ስታካፍል አንዷ ተርፋባት፣ አቀርቅራ ታያታለች። ልቤ በደስታ ዘለለ። ይህን ነበር ስጠብቅ የከረምኩት።

«ተነሽ እንጂ፣ መምህርሽ መጥተዋል» አለ አባቷ።

«ቆይ አባ፣ ይቺ አንዷ ለማን ትድረስ?»

ፊቱ ጠቆረ። ላስረዳው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አፉ ይበሉኝ መምህር። እንዲህ አድርጌ አላሳደግኳትም» አለ፤ አንገቱን ደፍቶ።

በማግስቱ ወደ ጎረቤት ክፍል ተዛወረች። ግድግዳው ስስ ነው። ባልደረባዬ ሲያነብ ልጆቹ ሲከተሉት ይሰማኛል። መዞሬን ትቼ ግድግዳው ሥር እቆምና የእሷን ድምፅ ልለይ እሞክራለሁ። እስካሁን አልቻልኩም።