የሙዝ አገር እንጀራ እናት

ሳባ የደጋዋ ከተማ ገረሴ ስትገባ ተረቱ ቀድሟት ገብቶ ነበር።

እንድሪያስ ከቆላው ላንቴ ሙዝ እየጫነ አዲስ አበባ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ሚስቱ አገኘሽ ከሞተች ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ሳባን በአባቷ ማሳ ዳር ለጫኚዎች ሙዝ ስታቀብል አያት። "እናትና ልጅ አሉኝ፤ ደጋ ናቸው። ይበርድሻል" አላት። "ጋቢ የለም እንዴ?" አለችው። ጨዋታቸው ከዚህ ብዙም ሳይረዝም ተጋቡ።

የእንድሪያስ ቤት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ያለ ነው። ደጁ ላይ፣ ከጣሪያው በላይ የዘለቀ አንድ እንሰት ቆሟል። አገኘሽ ልጇን ማዕዶትን በወለደች ሰሞን በእጇ የተከለችው ነው፤ የልጅቱም እትብት ከሥሩ ተቀብሯል። ማዕዶት ሰባት ዓመት ሆኗታል። እንሰቱም እኩያዋ ነው።

በገባች ሰሞን፣ ሳባ አማቷ እማማ ውቢት እሳት ዳር ተቀምጠው ለልጅቱ የሚያወሩላትን ሰማች። እናቷ የሞተችባት ልጅ ነበረች። ከእናቷ መቃብር ላይ ዛፍ በቀለ፤ ልጅቱን በራባት ቁጥር ቅጠሉ ወተት ያንጠባጥብላታል። እንጀራ እናቷ ይህን አይታ ዛፉን ቆረጠችው። ያን ዕለት ልጅቱ ጉም ሆና ከደጅ ጠፋች። "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቆጮ አብሱ" ብለው እማማ ውቢት ሲጨርሱ፣ ማዕዶት ሳባን ገልመጥ አድርጋ አየቻት። አሮጊቷ ክፋት የለባቸውም። ተረቱን ከእናታቸው ነው የወረሱት፤ በተረት ውስጥ ደግ እንጀራ እናት ገጥማቸው አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ማዕዶት ከሳባ እጅ አልቀምስም አለች። ድንች ሲቀርብላት "ጠግቤያለሁ" ትላለች፤ ቆይታ ከአያቷ ትቀበልና እንሰቱን ተደግፋ ትበላለች። "ተያት ልጄ፣ ረሃብ ያስታርቃችኋል" ይላሉ እማማ ውቢት። ረሃብ ግን አላስታረቃቸውም።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ይወርዳል። የእንሰት ቅጠል ሰፊ ነው፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ሌላው ቅጠል አይንሾካሾክም። ሰፊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከተቀመጠችበት ስትነሳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። ማዕዶት ያን ድምፅ ስትሰማ ቀና ትላለች።

"እትዬ ሳባ፣ ሰማሽ?"

"ነፋስ ነው፣ ማዕዶትዬ።"

አንድ ቀን ግን ሳባ ብቻዋን ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ከደጅ የሚገባው ብርሃን ሰው በር ላይ ሲቆም እንደሚደበዝዘው ደበዘዘ። ሳባ ቀና ሳትል "ግቢ" አለች። ዞር ስትል በሩን የጋረደው ቅጠል ነው። "ግቡ" ሳይሆን "ግቢ" ማለቷ፣ እንደምታውቃት ሴት መጋበዟ፣ ክንዷን ውርር አደረጋት።

መስከረም ሲጠባ እማማ ውቢት እንሰቱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው "ደርሷል። ይህን የመሰለ ሳይቆረጥ አይዘገይም፤ ለቆጮ የሚፍቁትን ሴቶች ልጥራ" አሉ። ማዕዶት ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ አያቷን አላየም፤ ሳባን ነው ያየው።

"እኔ እያለሁ ቢላ አይነካውም" አለች ሳባ።

እማማ ውቢት "እንሰት ቀን አለው" ብለው ጀመሩ፤ የልጅቱን ፊት ሲያዩ ተዉት። ደግሞስ የእንሰትን ነገር ለሰው ማስረዳት፣ ዝናብ እንደሚያረጥብ እንደማስረዳት መሰላቸው። ያን ምሽት ማዕዶት ከሳባ ሳህን አንዲት ድንች አነሳች። አልበላቻትም። ግን አነሳቻት፤ ሳባን በዚህ ደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ጥቂት ሰንብቶ፣ ጉሙ በተገለጠበት ጠዋት፣ ሳባ ቀና ስትል ከእንሰቱ አናት መሀል ወፍራም ወይን ጠጅ እምቡጥ ወጥቶ ጎንበስ ብሏል። ልቧ ዘለለ። በላንቴ ሙዝ ሲያብብ ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ አበባው ፍሬ መጣሁ ማለቱ ነው። ቆጮን ገበያ ገዝታ ታውቃለች፤ እንሰት ሲያብብ ግን በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ደገኛ ቀድሞ ስለሚቆርጠው፣ የሚያይ የለም።

"ማዕዶት፣ ነይ እዪ፤ የእናትሽ እንሰት አበበ።"

ልጅቱ እየሮጠች መጥታ ቀና አለች። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ይዛ አያቷን ልትጠራ ሄደች። እማማ ውቢት አይተው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ልጄ፣ እንሰት እንደ ሙዝ አይደለም። የሚያብበው ሊሞት ሲል ነው። በሆዱ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ለአበባው ይሰጥና ባዶውን ቆሞ ይበሰብሳል።"

"ፍሬውስ?"

"ፍሬው ድንጋይ ነው። ማን ይበላዋል? ነገ ካልተቆረጠ የአገኘሽ ልፋት ለትል ነው።"

ሳባ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ብትተወው በደግነቷ ልትገድለው ነው። ብታስቆርጠው ተረቱ ውስጥ ገባች። ስልክ አውጥታ እንድሪያስ ጋ ደወለች፤ ሶዶ ላይ ጎማ እያስቀየረ ነበር።

"ይሄ የሴት ሥራ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ? እማዬን ስሚ" አላት።

"ልጅህንስ?"

"እሷንማ አንቺ ስሚ" አለ።

በማግስቱ እማማ ውቢት የጠሯቸው ሴቶች የቀርከሃ መፋቂያቸውን ይዘው መጡ። ወንዶቹ ራቅ ብለዋል፤ ሴት እንሰት ስትፍቅ ወንድ አይጠጋም። "የሙዝ አገር ሙሽራ፣ እንላጥልሽ ወይስ እራስሽ ልጠሽ ትበይዋለሽ?" አለች አንዷ። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ። ማዕዶት እንሰቱን በሁለት እጇ አቅፋ ጉንጯን ለጥፋበታለች።

"ተረቱ ላይ የቆረጠችው እንጀራ እናቷ ናት" አለች፣ ማንንም ሳታይ።

ሳባ ጭቃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። "ተረቱን ልንገርሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

"እኔ የማውቀው ሌላ ነው። እንጀራ እናቷ ከሩቅ የመጣች ነበረች። የዛፉን ነገር አታውቅም።"

"ሞኝ ናት?"

"በጣም።"

ከኋላ አንዷ ሳቀች፤ እማማ ውቢት በክርናቸው ጎሰሟት።

"ቢላ አላስነካም አለች። ዛፏ ግን ቆማ፣ ቆማ..."

"ዛፏ ምን አለች?"

ሳባ አፏን ከፈተች። ውሸቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ለስላሳ፣ ለመዋጥ የቀለለ። ደክሞኛል አለች፤ ቁረጡኝ አለች። አንዲት የሞተች ሴት አፍ ውስጥ ቃል መክተት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታወቃትና ፈራች።

"አላውቅም" አለች። "እኔን አታናግረኝም። አንቺ ጠይቂያት።"

ማዕዶት ጆሮዋን አስጠጋች። ነፋስ አልነበረም፤ ጉሙ እንኳ ባለበት ቆሟል፤ የጎረቤቱ እንሰት ቅጠል ሁሉ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ያ ድምፅ ግን መጣ። ሴቶቹ ሰሙት፤ እማማ ውቢት አማተቡ።

"ምን አለችሽ ልጄ?"

"ምንም አላለችም" አለች ማዕዶት፣ እጇን ከግንዱ ቀስ አድርጋ እያላቀቀች። "ተነሳች።" ከዚያ ወደ ሳባ ዞረች። "አንቺ ቁረጪው።"

የመጀመሪያውን ምት ሳባ መታች። ከግንዱ የፈለቀው ውሃ ፊቷን ሲነካት እንደ ንጋት ጤዛ ቀዘቀዛት። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ግንዱን ገንጥለው፣ ሳንቃ ላይ በእግራቸው ይዘው ፋቁት፤ ሳባም እየፋቀች እጇን ላጠች፣ እስኪበቃቸውም ሳቁባት። የተፋቀው በቅጠሉ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ገባ። እማማ ውቢት አዲስ ችግኝ እንዲያወጣ ከሥሩ ቆርጠው ልቡን አወጡና አፈርና ፍግ ሞልተው እትብቱ ካለበት ቦታ መልሰው ቀበሩት። "አርጅቷል፤ ያበቅል አያበቅል እሱ ያውቃል" አሉ።

ቆጮው የደረሰው የገና በዓል ሲቃረብ ነው። ሳባ በቅጠል ጠቅልላ ጋገረችው፤ ቆርሳም ዘረጋች። ማዕዶት ከእጇ ተቀበለች። አላመጠች፣ ዋጠች።

"ዳጣ አንሶታል" አለች።

እማማ ውቢት የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ ከነሳህኑ ወደ ልጅቱ ገፉት። ደጁ ያለ እንሰቱ ገላጣ ነው፤ ጉሙ ወርዶ እስከ ደጃፉ ደርሷል። የሚጋርድ ቅጠል በሌለበት የበሩ ብርሃን ደብዘዝ አለ። ከዚያም ያ ድምፅ፤ ሰፊ ቀሚስ፣ ቀስ ብሎ።

ሳባ ቀና አለች። "ማዕዶት፣ ሰማሽ?"

"ነፋስ ነው፣ እትዬ ሳባ" አለች ልጅቱ፣ አፏን እንደሞላች፤ ሌላ ለመቀበልም እጇን ዘረጋች።

ሳባ ቆረሰችላት። ከዚያ ከቆጮው ላይ አንድ ቁራሽ ለብቻ ቆርሳ በሩ አጠገብ ቅጠል ላይ አኖረች፤ ማንን እንደምትጋብዝ እያወቀች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ግቢ" አለች።