ሳትጮህ የጠፋችው ላፕቶፕ

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር ኖሬ፣ ይህን ብቻ ውጬ ተባርኬ ተመልሻለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ጎብዤ አይደለም። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ስለሚቀል ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ መካኒሳ አቦ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ነበር። ላፕቶፕ ያኔ ብርቅ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጣውም ባትሪው ደክሞ፣ ከግድግዳው ሶኬት ነቅለውት ብዙ ሳይቆይ እልም የሚል ነበር። አንድ ምኞት ያዘኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያሠራ ባትሪ መሥራት። ከመርካቶ የቪዲዮ ካሜራ ባትሪ እየለቀምኩ፣ አዲሱን ከአሮጌው እየቀላቀልኩ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ እበይዳለሁ። ገና ሳይሳካልኝ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ጉራዬ ከባትሪው ቀድሞ ሞልቶ ነበር።

እታገኝ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ታይፕ ተምራ ሥራ የምትፈልግ ወጣት ነበረች፤ የምትኖረው ከአጎቷ ከመሪጌታ ክንፉ ጋር ወደ ላፍቶ ሲወጣ፣ መብራት ባልገባበት የእርሻ ዳር ነው። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ እየወረደ ነበር። ቅኔ ደግሞ ለዕለቱ ተዘርፎ ለዕለቱ የሚቀር ነው፤ ባለቤቱ መልሶ አይደግመውም። ዕድሜ ልካቸውን ይጻፍልዎ ሲባሉ እምቢ ያሉ ሰው፣ እታገኝ እግራቸው ላይ ወድቃ ስትለምናቸው አንድ ቀን ብቻ ፈቀዱላት። የሚያስታውሱትን ሁሉ አንድ ጊዜ ይሉላታል፣ እሷ ትጽፋለች። በእጅ ብትጽፍ አትደርስባቸውም፤ ኪቦርድ ላይ ግን ጣቷ ይበርር ነበር። ላፕቶፕ ከጓደኛዋ ተዋሰች። የጎደላት ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ባትሪ ነው።

አለሁልሽ አልኳት። ምክርም ጨመርኩላት፤ «ቶሎ ቶሎ ሴቭ አታድርጊ፣ ዲስኩ በተሽከረከረ ቁጥር ባትሪ ይበላል። ሊያልቅ ሲል ራሷ ትጮኻለች፣ ያኔ ታደርጊያለሽ።» ምክሩ ለዚያ ዘመን ላፕቶፕ እውነት ነበረው።

ሳጥኑን ሠርቼ ስሞክረው ግን ላፕቶፗ ገና በእኩለ ቀን መጮህ ጀመረች። ብተዋት ከዚያ በኋላም እስከ ማምሻው ሠራች። በእኩለ ቀን የሚጮህ ባትሪ ይዤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል ብል ማን ያምነኛል? ማስጠንቀቂያውን የሚያስጮኸውን ሽቦ ቆረጥኩት። እኔ ቆረጥኩት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋፋኝም። ስትወስደው ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፋ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» ስትለኝ፣ ምስጋናው ጣፈጠኝና ዝም አልኩ።

መሪጌታ ከማለዳ ጀምረው ሲሉላት ዋሉ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ውኃ ትሰጣቸዋለች፣ ይቀጥላሉ። ከቀትር በኋላ፣ የቀላቀልኳቸው አሮጌ ባትሪዎች ከሙከራው ቀድመው ደክመው፣ ላፕቶፗ ያለ ምንም ድምፅ ድርግም አለች። እታገኝ ላፕቶፗን ታቅፋ እየሮጠች ሱቄ ድረስ መጣች። ከመብራት ጋር አገናኝቼ ከፈትኳት፤ ከርዕሱ በቀር አንድ መስመር አልነበረም።

ባዶውን ስክሪን አይታ ወደ እኔ ዞረች። «እሳቸውን እየሰማሁ ጩኸቷን ሳልሰማት ቀርቼ ይሆን?» አለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሽቦውን የቆረጥኩት በጉራ ነው፤ ሞኝነት በሉት። ይህንን ግን ምን ትሉታላችሁ? ፊቷን እያየሁ፣ እያወቅኩ፣ «መጮኽስ ትጮኻለች፤ አልሰማሻት ይሆናል» አልኳት።

መሪጌታ አልተቆጧትም። «አንዴ ከአፌ ወጥቷል ልጄ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጨርሶ ተዘጋ፤ ክረምቱ ሳይወጣም አረፉ። ለአርባቸው ከሩቅ አገር ሳይቀር ተማሪዎቻቸው መጡ። እታገኝ ድንኳኑ መሐል ቆማ «የአጎቴን ቅኔ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ» ብላ ተንበረከከች። አንድ ሽማግሌ ደቀ መዝሙር ፊቱን አዞረባት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ንፍሮ እየቃምኩ ነበር። መነሳት እችል ነበር። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ለምን አልተነሳሁም? ተማሪዎቹን ፈራሁ? ሥራዬን? አላውቅም። ራሴን በጠየቅኩ ቁጥር ፈሪ የሚለው ስም ብቻ ይመጣልኛል።

ሳጥኑን ግን ሸጥኩት። ሌላም ሠርቼ ሸጥኩ። በእነዚያ ላይ ሽቦውን አልቆረጥኩም፤ ይኸውም ያኔም ልክ የሚሆነውን አውቅ እንደነበር ይመሰክርብኛል።

እታገኝ አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ዓምና ታክሲ ውስጥ ተገናኝተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ታይፕ ከዚያ ቀን ወዲህ ነክታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ደግሞም ሳቅ ብላ፣ በዚያው ሰሞን ጆሮዋን ልትመረመር ሐኪም ቤት ሄዳ እንደነበር አጫወተችኝ። ደህና ነው አሏት። «ደህና ነው ሲሉኝ ባሰብኝ። ጆሮዬ ቢደነቁር ይሻለኝ ነበር፤ ለካ ልቤ ነው ያልነበረው» አለችኝ። የታክሲ ሂሳቧን ከፈልኩላትና ወረድኩ፤ ሂሳቧን!

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ እሷም ልጅ ነበረች። ባትሪው ከዳኝም አልልም፤ ባትሪ አይዋሽም። የመሪጌታን ቅኔ መመለስ አልችልም፤ የእሷን ጆሮ ግን ዛሬም መመለስ እችላለሁ፤ ያን እንኳ ፊቷ ቆሜ አላደረግኩትም። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ መጀመሪያ እውነቱን ማወቅ አለባት።

እታገኝ፣ አልጮኸችም። ሽቦውን ቆርጬው ነበር። አንቺ ደህና አድርገሽ ስትሰሚ ነበር።