ማንም ያላዘዘው ገጽ

ወይዘሮ ሉቺያ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ ከልጃቸው ከሚዛን ጋር ይኖሩ ነበር። ከረን ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በታይፕ የገፉ ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳሉ አለቃቸው የስም ዝርዝር ሰጥተዋቸው፣ እሳቸውም በሦስት ቅጂ መትተው አስረክበው ነበር። ዝርዝሩ ለምን እንደተፈለገ የገባቸው ከወራት በኋላ ነው። ከስሞቹ አንዱ የጎረቤታቸው ልጅ ነበር፤ ተወስዶ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ያለበት ወረቀት እጃቸው ሲገባ ፊቱን ወደ ታች ሳይደፉ አያስቀምጡም።

ናይሮቢ ከገቡ በኋላም ሥራቸው ያው መተየብ ሆነ። ከአገር የተሰደደ ሰው ጥገኝነት ለመጠየቅ የደረሰበትን ሲናገር እሳቸው በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ሚዛን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች። ሰውዬው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል የሚነግሩት አንድ ነገር ነበር።

«የተናገሩት ከዚህ ቤት አይወጣም።»

በፈረንጆቹ 2006 ሚዛን ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት አስገባች። አንቴና ያላት ትንሽ ሣጥን መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩ ሦስት ነው፦ ሳሎን የእናትየው፣ መኝታ ቤት አሮጌው፣ ሦስተኛው የሚዛን ላፕቶፕ። ፕሪንተሩ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም ከእናትየው ኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ። እስከዚያ ድረስ ሚዛን የተረጎመችውን ለማተም ፍላሽ ይዛ ክፍል ለክፍል ትመላለስ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዋ መጥቶ ሦስቱም ያለ ገመድ በአንዱ ፕሪንተር እንዲያትሙ አደረገ። እግረ መንገዱንም የእናትየው ጽሑፎች የተቀመጡበትን ፎልደር ለሁሉም ከፈተው።

«ኔትወርኩ ፓስወርድ ይደረግበት?» አላት።

«ተወው፤ እማዬ ትረሳዋለች» አለች ሚዛን።

ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ሉቺያ ወጥ ቤት ሳሉ ፕሪንተሩ ሲንቀሳቀስ ሰሙ። ሚዛን ሥራ ላይ ናት፤ ላፕቶፑም አብሯት ነው። ሄደው ሲያዩ አንድ ገጽ ወጥቷል። የላቲን ፊደል፣ ነጥብና ቅንፍ ተዘባርቆ የሞላበት ነው እንጂ የሚነበብ ቃል የለውም። «አረጀ መሰለኝ» ብለው ወረቀቱን ለወጥ ቤት ቢላቸው መጠቅለያ አደረጉት።

ረቡዕ ከሰዓት ፍሥሐ በራቸውን አንኳኳ። ፍሥሐ ሦስተኛ ፎቅ ከገባ ሁለት ወሩ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ እነግዳለሁ ይላል። ትሑት ሰው ነው። የጋዝ ሲሊንደር ሲመጣ ዘበኛውን ሳይጠብቅ ራሱ ተሸክሞ ያወጣላቸዋል።

«እማማ ሉቺያ፣ የአማርኛ ፊደል የሚያስገባ ሲዲ ይኖርዎት ይሆን? ለእናቴ ደብዳቤ ልጽፍ ፈልጌ።»

«እንዴት የለኝም! ውሰድ ልጄ» ብለው ከመሳቢያው አውጥተው ሰጡት።

ሐሙስ፣ በዚያው በዘጠኝ ሰዓት፣ ፕሪንተሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ። አሁን ኮምፒዩተራቸው ፊት ተቀምጠው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር፤ እጃቸው ምንም አልነካም። ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ። ጥርት ያለ አማርኛ ነው። «ገጽ 3» ይላል ከላይ። የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ። እሳቸው ራሳቸው የተየቡት የጓንጉል ቃል ነበር።

ጓንጉል የወረኢሉ ሰው ነው። እሱና ታላቅ ወንድሙ ሀብተወልድ፣ አንድ ባለጸጋ በመሬት ምክንያት ሰው ሲያስገድል ያዩ ምስክሮች ናቸው። የባለጸጋው ሰዎች ቤታቸውን ካቃጠሉባቸው በኋላ ተሰደዱ። ጓንጉል ናይሮቢ ገባ፣ ወንድሙ ሞያሌ ቀረ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሀብተወልድ በየትኛው ጋራዥ፣ በምን የሐሰት ስም እንደሚሠራ ተጽፏል።

ወይዘሮ ሉቺያ ወረቀቱን ደፍተው ለልጃቸው ደወሉ።

«ሚዛን፣ የጓንጉልን ጽሑፍ አሁን አትመሻል?»

«እኔ? ከቢሮ ሆኜ እንዴት አትማለሁ እማዬ?»

በማግስቱ ጠዋት ለይላ መጣች። ፓርክላንድስ ሰፈር ኮምፒዩተር የምትጠግን፣ ድሬዳዋ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት። ተቀምጣ ጥቂት ከነካካች በኋላ ቀና አለች።

«ማማ፣ ስንት ኮምፒዩተር ነው ያላችሁ?»

«ሦስት።»

«እዚህ አራት ነው የሚያሳየኝ። ኔትወርኩ ኦፕን ነው፤ ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መግባት ይችላል። አራተኛው ገብቶ ፎልደራችሁን ከፍቷል። የሱ ኮምፒዩተር ደግሞ ፕሪንተራችሁን ራሱ አግኝቶ ይዞታል። ሰውዬው ፕሪንት ሲል ወረቀቱ እሱ ጋ የሚወጣ መስሎት ይሆናል፤ እዚህ ወጣ።»

ወይዘሮ ሉቺያ የሰኞውን የተዘባረቀ ወረቀት ከቢላው ላይ ፈትተው አሳዩዋት።

«ይኼማ የአማርኛ ፊደል፣ ፎንቱ፣ ያልገባበት ኮምፒዩተር ነው» አለች ለይላ። «ፎንት ከሌለው አማርኛው እንዲህ ይሆናል። የሐሙሱ ግን ክሊን ነው። በመሃል ፎንቱን አግኝቷል ማለት ነው።»

ወይዘሮ ሉቺያ ወደ መሳቢያው ተመለከቱ። ሲዲውን በገዛ እጃቸው ነበር የሰጡት።

«የአራተኛው ስም ምን ይላል?»

ለይላ ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረችው። በላቲን ፊደል «ፍሥሐ» ተብሎ ተጽፏል። ስሙን እንኳ አልደበቀም።

ለይላ ፎልደሩን ዘጋች፣ ለኢንተርኔቱም ፓስወርድ አስገባች። «የወሰደውን ማስመለስ አይቻልም ማማ። ኮፒ ነው የሚወሰደው፤ የእናንተው ቦታው ላይ ስለሚቀር መወሰዱ አይታወቅም። ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ» ብላቸው ሄደች።

አንድ ሰዓት አልሞላም፤ በሩ ተንኳኳ። ፍሥሐ ሲዲውን ይዞ ቆሟል።

«አመሰግናለሁ እማማ። ኢንተርኔቱ ጠፋ እንዴ?»

«ቁልፍ አደረግንበት።»

«ጥሩ አደረጋችሁ።» ፈገግ አለ። «የዘመኑ ሰው አይታመንም።» ለመሄድ ዞር ብሎ እንደገና ቆመ። «ያ የወረኢሉው ሰውዬ ደህና ነው? ሰሞኑን አላየሁትም።»

ጓንጉል ደረጃው ላይ ከማንም ጋር ተነጋግሮ አያውቅም። ወረኢሉ የሚለው ቃል የነበረው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። ወይዘሮ ሉቺያ ምን እንደመለሱ አያስታውሱም፤ በሩን ዘግተው ፍሥሐ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ቆመው አዳመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አንሥተው በጓሮ ደረጃ ወረዱ፣ ታክሲ ይዘው ሳውዝ ሲ ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ።

ጓንጉል ከአገሩ ልጆች ጋር በሚኖርበት ቤት ግቢ ውስጥ ሸሚዝ እያሰጣ አገኙት። ሳይቀመጡ ነገሩት፦ ስለ ሣጥኗ፣ ስለ ፎልደሩ፣ ስለ ሲዲው። ምንም አላስቀሩም።

«ከዚህ ቤት አይወጣም ብዬዎት ነበር» አሉ። «ወጥቷል አቶ ጓንጉል። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እሱ እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዘ ወደሳቸው ዞረ።

«ሦስተኛው ገጽ ነው ያሉኝ?»

«አዎ።»

ሸሚዙን ጥሎ ሞያሌ ደወለ። ስልኩን ያነሣው የጋራዡ ባለቤት ነው። ድምፁ ለወይዘሮ ሉቺያም ይሰማቸው ነበር።

«ወንድምህ? ትናንት ማታ ሄደ እኮ። ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው፣ ጓንጉል ነው የላከን፣ ናይሮቢ ወረቀትህ ደርሷል አሉት። ደስ ብሎት ነው የሄደው። እስካሁን አልደረሰም?»

ጓንጉል ግንቡን ተደግፎ ቁጢጥ አለ፣ ስልኩን በሁለት እጁ እንደያዘ።

የዚያኑ ዕለት አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አስመዘገቡ። መዝገብ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ተሰጣቸው። ሰኞ ጠዋት ዘበኛው የሦስተኛ ፎቁ ሰው እሑድ ሻንጣ ብቻ ይዞ እንደወጣ ነገራቸው። አልጋው፣ ምጣዱ፣ መጋረጃው ሁሉ ቀርቷል። የቤቱ አከራይ ጋ የነበረው የመታወቂያ ቅጂ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ሚዛን ለቀናት እህል አልቀመሰችም። «ፓስወርዱን ተወው ያልኩት እኔ ነኝ» ትላለች። እናትየው «ሲዲውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ይሏታል። ከዚያ በላይ አይነጋገሩም ነበር።

በፎልደሩ ውስጥ የጓንጉልን ሳይጨምር የአሥራ ዘጠኝ ሰው ቃል ነበረ። ወይዘሮ ሉቺያ በስልክ ለማንም አልተናገሩም። በማታቱ ሚኒባስ፣ በእግር፣ እየጠየቁ እያንዳንዳቸው ቤት ሄዱ። አንዳንዱ እሳቸው ሳይጨርሱ ልብሱን መሰብሰብ ጀመረ። ዓለምፀሐይ የምትባል፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት፣ በሩን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና «እርስዎን ብዬ ነበር እኮ የተናገርኩት» አለቻቸው። በሩን ዘጋችው። የአሥራ ስድስቱን ቤት አገኙ፤ የሦስቱ አድራሻ ተቀይሮ ነበር፤ ይወቁ አይወቁ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሀብተወልድ አልተገኘም። ጓንጉል በዓመቱ ወደ ሌላ አገር የሚሄድበት ወረቀት ደረሰው። ከመሄዱ በፊት ኪሊማኒ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ይግቡ ቢሉትም አልገባም።

«አንድ ነገር ልለምንዎ ወይዘሮ ሉቺያ። የስልክ ቁጥርዎን አይቀይሩ። ወንድሜ ጋ የእኔም የእርስዎም ቁጥር ነበር። የእኔው ከነገ ወዲያ አይሠራም።»

አልቀየሩም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ከማይታወቅ ቁጥር ተደውሏል። ከወዲያ ማዶ ሰው እንዳለ ያስታውቃል፤ ይተነፍሳል፣ ርቆ የመኪና ድምፅ ይሰማል። የሀብተወልድን ስም ጠርተው «አንተ ነህ?» ሊሉት ይፈልጋሉ። ግን የሚያዳምጠው ማን እንደሆነ አያውቁምና ስሙን አፋቸው ላይ ይይዙታል።

«ማን ልበል?» ይላሉ፣ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ደግመው ደጋግመው። «ማን ልበል?»