ለሽማግሌው ያካፈልኳት ክኒን

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ... ቡራዩ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሰው እስኪሞላ ተቀምጠናል። እኔ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠራተኛ ነኝ፤ ለዕቃ ወደ መርካቶ እየሄድኩ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«አባቴ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አይ ልጄ... ምግብ ሳልቀምስ መድኃኒት ውጬ አጥወለወለኝ።»

እኔ ደግሞ ሆዴን ያለ ሰው ሳይ ሐኪም መሆን ያምረኛል። ከስድስት ወር በፊት እኔም ሆዴ እየተነፋ፣ ሌሊት ላብ እያጠመቀኝ፣ ሱሪዬ ከወገቤ እስኪወልቅ ከስቼ ነበር። እህቴ ትዕግሥት ትልቅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ እኔን ውጭ አስቀምጦ ከእሷ ጋር ብዙ አወራ። ስትወጣ «ጨጓራ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ክኒን ታመጣና በቫይታሚን ብልቃጥ ገልብጣ ትሰጠኛለች።

ዳንኩ! ስለዳንኩም ካቆምኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እንዳትነዘንዘኝ ብዬ «ሥራ ቦታ እውጠዋለሁ» እያልኩ ብልቃጡን ኪሴ ይዤ እዞራለሁ።

«እንኩ፣ እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው» ብዬ አንዷን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው።

ክኒኗን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የተጠቀለለ ፕላስቲክ አወጡና፣ ቀስ ብለው ፈትተው ከጎኗ ሌላ ክኒን አስቀመጡ... ቀለሟ፣ ቅርጿ፣ በላይዋ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር አንድ ነው።

«ዋቃዮ! አምላኬ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጣታቸውን ዘርግተው ከግራ ጎድኔ በታች ጫን አደረጉኝ። «እዚህ ጋ ሞልቶህ ነበር አይደል? ሁለት ጉርሻ በልተህ ጠገብኩ ትል ነበር?»

ቦታውን አልነገርኳቸውም። በአንድ ጣት አገኙት።

«አዎ... ጨጓራ ነው።»

«ጣፊያህ ነው ያበጠው። ጨጓራ ነው ያለህ ማነው?»

«እህቴ።»

ክኒኔን መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሳ።

«ኢልማ ኮ... ልጄ፣ ዳባ እባላለሁ፣ የሱሉልታ ገበሬ ነኝ። ይሄ የደም ካንሰር መድኃኒት ነው። መቅኔ ውስጥ ነጩ ደም ያለ ልክ ይፈለፈላል፣ ክኒኗ ትይዘዋለች። ለእኔ ሰባት ዓመት ይዛልኛለች፤ አርሳለሁ፣ አጭዳለሁ። ደህና ነኝ ብለህ ከተውካት ግን ተመልሶ ይመጣል። ሲመጣ አይታወቅህም፣ አያምህም...»

«ካቆምኩ ሦስት ሳምንቴ ነው» አልኳቸው። የራሴን ድምፅ ከኋላ ወንበር የሰማሁት መሰለኝ።

«ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ ኦቦ ዳባ። እጄን ይዘው አወረዱኝ፣ መንገዱን አሻገሩኝና ወደ ቤት የሚመልሰኝ ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። «ሐኪምህ ጋ! ሳታድር!» አሉኝ በመስኮቱ።

እዚያ ታክሲ ውስጥ የስድስት ወሩ ነገር ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። እናቴ «መቼ ነው የምታገባው» ማለት ያቆመችው... አለቃዬ ከባድ ዕቃ ሲመጣ «አንተ ተቀመጥ» የሚለኝ... በሙዚቃ ስትጣላኝ የኖረችው ጎረቤታችን እንቁላል ይዛ የመጣችው... ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል! ስድስት ወር ሙሉ የራሴ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ስቀልድ ነበር።

ትዕግሥት በር ላይ ፊቴን ስታይ ገባት።

«ብነግርህ ተስፋ ቆርጠህ ትሞትብኛለህ ብዬ ነው...»

«ትዕግሥት፣ መድኃኒቱን አቁሜዋለሁ። ጨጓራዬ ድኗል ብዬ።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

በዚያው ቀን አብረን ሄድን። ነጩ ደሜ መጨመር ጀምሯል። ሐኪሙ «ደግነቱ ሳይብስ ደርሰሃል» አለኝና ክኒኑን እንደገና አስጀመረኝ። በዚህ ጊዜ ውጭ የጠበቀችው ትዕግሥት ናት።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ «ከእንግዲህ የምንደብቅህ ነገር የለም» ብሎ ምሎልኛል። እኔም አምኛለሁ... ያመንኩ ይመስለኛል። ዛሬ ጠዋት ግን አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ደክሞሃል፣ ዛሬ ቤት ሂድ» ሲለኝ እጁን ለቀም አድርጌ ያዝኩት።

«ምን ሰማህ?» አልኩት።

ወገኖቼ... ስታገኙኝ እባካችሁ ተቆጡኝ።