አረንጓዴው ሐፊር

ጎንደር እያለሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጦርነቱ ገፍቶኝ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስደርስ ሰሊጥ አራሚ ሆንኩ። የተቀጠርኩበት እርሻ ሁለት ሐፊር ነበረው፤ ሐፊር የክረምት ዝናብ የሚጠራቀምበት ኩሬ ነው። ከአንዱ የእርሻው ፍየሎች ይጠጣሉ። ከሌላው እኛ ሴቶቹ እየቀዳን፣ አጣርተንና አፍልተን እንጠጣለን።

ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ። ላየው ሰው ቆሻሻ ይመስላል፤ እኔን ግን ደስ ይለኝ ነበር። በመዳፌ ጨልፌ ወደ ፀሐይ ሳዞረው እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር አለ፣ እንደ ዱቄት የተበተነ አለ፤ ዳር ያሉት ድንጋዮች ላይ ደግሞ ቡናማው ተለጥፏል። ሁሉም አልጌ ነው፤ ዝርያው ግን ብዙ ነው። ሙቀት አንዱን ሲጎዳው ሌላው ይበረታል፤ ምግብ ስለሚሻሙም አንዱ ብቻውን ኩሬውን አይወርሰውም። ይህንን ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ።

የእርሻው ወኪል ድንበሩ ላይ ገላባት ያደገ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛ አይቸግረውም። አንድ ጠዋት ሰማያዊ የመዳብ ጨው በከረጢት አስጭኖ መጣና አረንጓዴውን እንዲገድልለት የፍየሎቹ ሐፊር ውስጥ አስበተነው። ከቀናት በኋላ ውሃው ጠራ።

«አየሽ ኡስታዛ?» አለኝ። አስተማሪ መሆኔን ስለሚያውቅ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ።

«ትንሽ ታገሥ» አልኩት።

ብዙም አልቆየ። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ መርዙን የቻለው፣ ራሱም መርዛም የሆነ አንድ ዝርያ ተቀናቃኝ አጣና ብቻውን ተራባ። ውሃውን እንደ ቀለም የወፈረ ነገር ጋረደው፤ ከረፋም። ከዚያ የጠጡ ፍየሎች ሞቱ።

ወኪሉ ግን ጨው ያነሰ መሰለው። የተረፈውን ይዞ ወደ እኛ ሐፊር ሲመጣ ከፊቱ ቆምኩ።

«ዞር በይ ኡስታዛ። እርሻው የባለቤቱ ነው።»

«እርሻው የእሱ ነው፤ ውሃውን የምንጠጣው ግን እኛ ነን። ዞር አልልም።»

«ከሥራ ትባረሪያለሽ።»

«ከአገሬ ተባርሬ ነው የመጣሁት። ከእርሻ መባረር አያስፈራኝም።»

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው አጠገቤ ተደረደሩ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት እናት፣ «ልጄ፣ ፍየሎቹን ትናንት ቀበርክ፤ እኛንም ልትጨምር ነው?» አሉት። ከረጢቱን የተሸከሙት ወጣቶች መሬት ላይ አወረዱት። ወኪሉ ቢጮህባቸውም መልሰው አላነሱትም።

በማግስቱ ተባረርኩ። ሾዋክ በሚባል ከተማ ገበያ ላይ ሥራ ይዤ ሳለ፣ አብራን ስታርም ከነበረች ሴት ጋር ተገናኘን። ሐፊሩስ አልኳት። ወኪሉ ጨው ይዞ ዳግመኛ መጥቶ ነበር አለችኝ። እነሱም እኔ ሳልኖር፣ ዳሩን ይዘው ቆመው መለሱት።