ጥሩወርቅ በድልብ በረዶ ላይ

ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.። እኔ ዓለምነህ ንጉሴ ወልደየስ፣ ነዋሪነቴ በሀብሩ ወረዳ በመርሳ ከተማ፣ ሥራዬ የእህል ንግድ የሆነ፣ ስለ ጥሩወርቅ ደጀን የማውቀውን እጽፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ በመሆኑ ያየሁትን አስቀምጣለሁ እንጂ አላሳምርም።

ጥሩወርቅ የዚሁ የወረዳችን የግራና ከተማ ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ ለሥራ ቤሩት ሄደች። መጀመሪያ በሰው ቤት ሠራች፤ በኋላ ተራራ ላይ ባለ ሆቴል ተቀጥራ የእንግዶችን እርጥብ ጫማ ታደርቅ ነበር። ከተመለሰች ወዲህ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ የጭማቂ ቤት ከፍታለች። የማንጎ ጭማቂዋ ውኃ እንዳልበዛበት ቀምሼ አረጋግጫለሁ።

የእህቴ የዘነበች ልጅ ኤፍሬም መካኒክ ነው። እርሱ ይህችን ልጅ ሊያገባ ፈለገ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ከወንዱ ወገን አንድ ሰው ዝምድና እንዳይኖር ዘር ይቆጥራል፤ የልጅቱንም ጠባይ ያጣራል። ይህ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ዝምድና አልተገኘም፤ ጎረቤቶቿም አመሰገኗት። ነገር ግን ሁሉም በመጨረሻ ይስቁ ነበር። በሁለት ጣውላ ላይ ቆማ ከበረዶ ተራራ ትወርድ እንደነበር ትናገራለች አሉኝ።

ሄጄ ራሷን ጠየቅኋት።

«እውነት ነው ጋሼ» አለች ብርጭቆ እያጠበች። «የበረዶው ወቅት ሲጀምር በረዶው ገና ስስ ነው፤ ድንጋዩ ይታያል፤ እንግዳም አይመጣም። ያን ጊዜ የሆቴሉ ባለቤት ጣውላውንም ቁልቁለቱንም ለእኛ ለሠራተኞቹ ይለቅልን ነበር። ልብ ይወልቃል እኮ!»

«ሰው ቆሞ?»

«ቆሞ።»

«ሳይወድቅ?»

«ኧረ መውደቅስ! ይቅርታ ያድርጉልኝና መቀመጫዬ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር።»

አላመንኳትም። በዚህ የምትዋሽ በትዳሯም ትዋሻለች ብዬ ለእህቴ ተናገርኩ፤ የሽማግሌው ነገር ቆመ። ኤፍሬም ሰላምታዬን መመለስ ተወ። በኋላ ግን ሱቄ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ፊትዎ ቆማ ብትወርድስ?»

«በዓይኔ ካየሁ ሽማግሌ ሆኜ ግራና የምሄደው እኔ ነኝ። ካላየሁ ስሟ በቤታችን አይነሳ።»

ኤፍሬም ሁለት ቀጫጭን ጣውላዎችን ጫፋቸውን በእሳት አጎበጠ። እንዲያንሸራትቱ ብሎ የእናቱን አሮጌ የመኝታ ቁርበት ቀዶ፣ ጠጉሩን ወደ ውጭ አድርጎ ከሥራቸው በምስማር መታው። ከወልድያ በላይ ድልብ የሚኖረው ዘመዳችን ሀብቴ ክረምቱ መግባቱን፣ በየቀኑም በረዶ መጣሉን በስልክ ነግሮን ስለነበር በሰኔ ሚካኤል ዕለት ከኤፍሬምና ከጥሩወርቅ ጋር ጣውላውን መኪና ላይ ጭነን ወጣን።

ከቅዳሴ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው የሀብቴን ቆርቆሮ ጣራ እየደበደበ መነጋገር እስኪያቅተን ድረስ ወረደ። ሲያባራ ከቤቱ ጀርባ ያለው ቁልቁለት ነጭ ሆኖ አገኘነው። እኔ የቆላ ሰው ነኝ፤ በረዶው ከጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ከቁልቁለቱ ግርጌ የሀብቴ የገብስ ማሳ የድንጋይ እርከን አለ። እዚያ የሚላተም ሰው እግሩ አይተርፍም።

መንደሩ ተሰበሰበ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ቦት ጫማዋን ከጣውላው ጋር በጎማ ጠፍራ፣ ሁለት ዱላ ይዛ ቆመች። ገፋች። አልሄደም። ደግማ ገፋች፤ እንደ ችካል ቆመች።

«ፍሬን ይዛለች!» አለ ሀብቴ። «ኤፍሬም፣ ማርሽ አስገባላት እንጂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም «በቃ፣ ነገሩ ተጣርቷል» አልኩ። ኤፍሬም ፊቱ አመድ መሰለ።

ጥሩወርቅ ግን ጣውላዎቹን ፈትታ ገለበጠቻቸው። ጠጉሩን በመዳፏ አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ ዳሰሰችና በሳቅ ፈነዳች።

«አንተ ደግሞ መካኒክ ነኝ ትላለህ? ጠጉሩ ወደ ፊት ነው የተኛው! በሬህን የኋሊት ልትነዳው ነው?»

ፀሐይ ወጣች። በረዶው ከዳር ዳሩ መቅለጥ ጀመረ። ኤፍሬም ምስማሩን በፒንሳ እየነቀለ ቁርበቱን ማዞር ያዘ። «ቶሎ በል! ቶሎ!» የምለው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ሰዎች ዞረው ሲያዩኝ ነው። እርሷም ከሀብቴ ሚስት ሻማ ተቀብላ፣ እንዲያዳልጥ ጠጉሩን በሻማው አሸችው።

ከዚያ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ገፋች፤ ሄደች! ነጠላዋ ከኋላዋ እየተርገበገበ፣ በረዶው ከግራና ከቀኝ እየተረጨ፣ ቆማ፣ በእርግጥ ቆማ ወረደች። ሴቶቹ እልል አሉ። እርከኑ ሲቀርብ ግን እልልታው ተቋረጠ።

«እርከኑ! ልጄ፣ እርከኑ!» ብዬ ጮኽኩ።

አንዱን ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። ጣውላዎቹ ወደ ግራ ታጠፉ፤ በእርከኑ ጥግ ጥጉን ሄዳ ቆመች። ሁለቱን ዱላዎች ወደ ላይ አንስታ «ጋሼ! አዩ?» ስትል ድምፅዋ ከወዲያኛው ገደል ተመለሰ። ኤፍሬም እየወደቀ እየተነሣ ወደ እርሷ ሮጠ። ሀብቴ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጦ፣ እየተንሸራተተና እየጮኸ ተከተለው፤ መንደሩም ተከተለ።

እኔ አንድ ጥርጣሬ ቀርቶኝ ነበር። ያዞራት መሬቱ ራሱ ወደ ግራ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በረዶው ሳይጠፋ ክብ ድንጋይ ፈልጌ ከተነሣችበት ቦታ፣ ሰዎቹን ገለል አድርጌ፣ በዱካዋ ላይ ለቀቅሁት። የሰኔው ጾም እንደተፈታ ግራና ሽማግሌ ሆኜ የምሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድንጋዩ ዱካዋ ከታጠፈበት ቦታ ሲደርስ ሳይታጠፍ፣ ቀጥ ብሎ ወርዶ እርከኑን መታ።