ሐዋሳ ያሉት አበልጆቻችን

በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ፣ እኔና ባለቤቴ ሐዋሳ እንወርዳለን። ወደን እንዳይመስላችሁ። ማለቴ፣ እሱ ወዶ ነው፤ እኔን ግን ታኅሣሥ ሲገባ ጀምሮ ጨጓራዬን ያመኛል። ሽሮ ሜዳ ካለችው ሱቄ ለአበልጆቻችን፣ ለሰውየው ጋቢ፣ ለሚስቱ ነጠላ፣ ለልጃቸው ቀሚስ እመርጣለሁ። አጣጥፌ በፌስታል እጠቀልልና ገና ሳይነጋ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ በታክሲ እየተጋፋሁ እሄዳለሁ። አምና የወሰድኩት ጋቢ የት እንደገባ ታውቃላችሁ? ውሻቸው ይተኛበታል። «ሐዋሳ እኮ ይሞቃል፣ ጋቢ ማን ይለብሳል?» አለችኝ ሴትየዋ፣ ቅንጣት ሳታፍር። እሺ፣ ይሙቃችሁ!

የምንሄደው አበልጆች ስለሆንን ነው። ድሮ ቀጨኔ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን እንኖር ነበር። ሴትየዋ ብታስነጥስ እኔ ነበርኩ ከግድግዳው ወዲህ «ይማርሽ» የምላት። ሴት ልጅ ስትወልድ፣ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ሐዋሳ ሥራ አገኘና ጠቅልለው ሄዱ። ሲሄዱ ተላቀስን፤ «አበልጅ አይረሳሳም» ተባብለን ተማማልን። ያቺ መሐላ ናት እንግዲህ እስከዛሬ ወገቤን የምትቆርጠኝ።

ሰውየው የቀጨኔን ጭቃ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ያደገ ሰው ነው። አሁን በር ላይ ሲቀበለን «እናንተ ጉለሌዎች፣ ያንን ብርድ እንዴት ነው የምትችሉት?» ይላል። ጉለሌዎች! አንተስ ከየት መጣህና ነው? ከዚያ ሻንጣችንን እንኳ ሳናስቀምጥ ሐይቁ ዳር ይወስደናል። ሐይቁን እሱ የቆፈረው ይመስል እጁን ዘርግቶ «ይታያችኋል?» ይለናል። አይ፣ ዕውሮች ነን! ባለቤቴ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ አንገቱን እየነቀነቀ «ድንቅ ነው፣ ድንቅ ነው» ይላል። በየዓመቱ ያው ውኃ ነው። ምኑ ነው የሚደንቀው?

ሴትየዋማ ባሰች። ሶፋ ገዝታ ላስቲኩን እስከዛሬ አልገፈፈችውም፣ እንዳይቆሽሽባት። በዚያ ሙቀት ላስቲክ ላይ ተቀምጠን፣ ስንነሣ ቀሚሳችን አብሮ ተጣብቆ ይቀራል። ቤቷን ከሳሎን እስከ ሽንት ቤት ታስጎበኘናለች፤ ሴራሚኩን በእግሯ እየመታች «ይሄ ያሁኑ ነው» ትላለች። እኔም «እንኳን ደስ ያለሽ» እላለሁ። ምን ልበል?

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ የምሄደው ለልጅቷ ነው። አምላክ የሰጠኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ሴት አልሰጠኝም። ክርስትና ባነሣኋት ቀን ከውኃው ስትወጣ በአዲሱ ነጠላዬ አቀፍኳት፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ደረቴ ላይ ሸናችብኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ልቤ ተሰነጠቀ፤ በቃ፣ የኔ ናት አልኩ። አድጋ ነርስ ሆነች፤ ለሥልጠና አዲስ አበባ ስትመጣ እኔ ቤት ነበር የምታርፈው። የራሴን አልጋ ለቅቄላት ባለቤቴን ሶፋ ላይ አስተኝቼዋለሁ። እሱም «ድንቅ ነው» አላለም ያኔ።

ዘንድሮ ልጄ አብሬያችሁ ልሂድ አለ። ባንክ የሚሠራ ጎረምሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጀምሮ «ሐዋሳ አትበሉኝ» የሚል ልጅ፣ ጫማውን አስቦርሾ ከኛ በፊት በሩ ላይ ቆመ። እኔ ቂሏ ዓሣው ናፍቆት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ምሳ ሲደርስ ሴትየዋ ወጥ ቤት ጠርታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «አላየሽም እንዴ?» «ምኑን?» «ልጆቻችንን ነዋ! ሁለት ዓመታቸው! አንቺ ቤት ስትመላለስ እኮ ነው የተጀመረው!» አለችና አፏን ይዛ ትስቅ ጀመር። የኔን ሽሮ እየበሉ ማለት ነው፤ ከአፍንጫዬ ሥር! እጄ ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀመጥኩት። ሌላ ነገር ለመናገር አፌን ሳልከፍት ጎትታ ሳሎን አስገባችኝ።

እዚያ ሰውየው ብርጭቆውን አንሥቶ ቆሟል። «እንግዲህ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «አበልጅነታችንን በጋብቻ እናጽናው!» ባለቤቴ ዘሎ አቀፈው። ሴትየዋ ታጨበጭባለች።

«ጤነኞች ናችሁ?» አልኩ።

ጭብጨባው ተቋረጠ።

«ይቺን ልጅ ክርስትና ያነሣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ታዲያ የኔ ልጅ ወንድሟ አይደለም? እህትና ወንድም ነው የምትድሩት?»

ይሄ እኮ ሊቅ መሆን አይፈልግም። የክርስትና ልጅ ማለት የማህፀን ልጅ ማለት ነው፤ ያነሣቻት ሴት ከወለደችው ልጅ ጋር እህትና ወንድም ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን አታጋባቸውም። ቀጨኔ መድኃኔዓለም ግቢ ውስጥ ብይ የሚጫወት ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እነዚህ ሰዎች ግን ዕድሜ ልካቸውን አበልጅ፣ አበልጅ ሲሉ ኖረው፣ ቃሉ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አስበውት አያውቁም! ሰውየው ብርጭቆውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ባለቤቴ «ለካ…» ብሎ ቀረ።

ልጄን አየሁት። አልደነገጠም። ልጅቷም አልደነገጠችም። ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሁለቱም እኔ ምን እንደምል ነበር የሚጠብቁት።

ከዚያ በኋላ የተወራውን ብትሰሙ! ሰውየው «ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ አሁን ዘመኑ ሌላ ነው» አለ። ሴትየዋ ከሱ የተሻለ ተንኮል ነበራት። «ያጠመቋት ቄስ ዐርፈዋል። ያኔ ወረቀት የሚሰጥ አልነበረ። ሟች እህቴ ናት ያነሣቻት ብንል ማን ያውቃል?» አለች። የሞተችውን እህቷን! በመቃብሯ እንኳ አላሳረፈቻትም።

«እንዲያ ከሆነ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይፈራረሙ» አልኩ፣ «እግዚአብሔርን አታስዋሹብኝ።»

«ልጄ በተክሊል ነው የምትዳረው!» ብላ ጮኸች። «ሰው ምን ይለኛል?»

እዩት እንግዲህ። እግዜርን አልፈራችም፤ የፈራችው ጎረቤቶቿን ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸው ለምሳ ይመጣሉ፤ ነገሩ የሚነገረው ለሳቸው ነው፤ አንድ ቃል ከኔ አፍ ከወጣ ሁሉም ነገር አበቃ። ስለዚህ ሁሉም እየተፈራረቀ እኔን ያባብላል። ባለቤቴ እንኳ ተራው ሲደርስ «እስቲ እናስብበት» አለኝ። እሱ አስቦ ያውቃል?

ልጄ ብቻ አላባበለኝም። አጥር ጥግ ወስዶኝ «እማዬ፣ እኔ ሌላ አላገባም» አለኝ፤ አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። ይሄ ልጅ ካለ አለ ነው፤ ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ አቮካዶው ሥር ልብስ ስታሰጣ ልጅቷ ዘንድ ሄድኩ። እሷ እንደምትረዳኝ እርግጠኛ ነበርኩ። «አንቺ ንገሪኝ» አልኳት፣ «አላነሣሁሽም? እናትሽ አይደለሁም?»

የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ዞረች። የቁጣ ፊት አልነበረም።

«እናትማ አለችኝ» አለችኝ። «የሌለኝ እሱ ነው።»

እኔ መልስ አጥቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ምላሴን የማይፈራ ነጋዴ የለም። ያን ጊዜ ግን ከቅርጫቱ ልብስ አንሥቼ አብሬያት አሰጣሁ። ተናድጄባት ነበር። ደግሞ ውሸት አልነበረም ያለችው፣ ይሄ ነው ያናደደኝ።

እሁድ አባ መጡ። ቀጭን፣ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ መስቀላቸውን አሳለሙን፣ ማዕዱን ባረኩ፣ ዓሣውን እሾሁን እየለቀሙ በዝግታ በሉ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠራርጎ ነገሩን ተናገረ፤ ልጃችን፣ ልጃቸው፣ በተክሊል፣ ወዘተ። አባ ፊታቸው በራ። ሁለቱን ልጆች ተራ በተራ አዩና «መልካም፣ መልካም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን እየታጠቡ «ክርስትና ያነሣቻት ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

ሴትየዋ «ሟች እህቴ…» ብላ ጀመረችና ድምጿ ተሰበረ። እንኳን ተሰበረ! አባ ግን ወደኔ ዞሩ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ? የአዲስ አበባዋ አበልጃችን ሲሉ ሰምቻለሁ መሰለኝ።»

ሰውየው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ባለቤቴ ጣሪያውን ያያል። ልጄ እጆቹን ያያል። አንድም ሰው ዓይኔን ለማየት ወኔ አልነበረውም፤ ከልጅቷ በቀር። እሷ ቀጥ ብላ አየችኝ። ያን ዕለት ደረቴ ላይ ያለቀሰችው ያቺው ልጅ ናት፤ አሁንም ዓይኗ እንባ አዝሏል። እውነቱን ብናገር እናቷ ሆኜ እቀራለሁ፤ እሷም ዳግመኛ ቤቴን አትረግጥም። ልጄም አይመጣም።

«አይደለሁም አባ» አልኩ። «የናቷ ሟች እህት ናት ያነሣቻት። እኔ ጎረቤት ነበርኩ። አበልጅ የምንባባለው እንዲያው ለአፋችን ነው።»

«እንግዲያስ እግዚአብሔር ይባርክ» አሉ አባ።

ሴትየዋ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ግቢው ተናጋ። ወንዶቹ ተቃቀፉ። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣችና ዝቅ ብላ፣ ምራት የአማቷን ጉልበት እንደምትስም፣ ጉልበቴን ሳመችው።